ስለ ስኮትላንዳዊቷ ተዋናይት ዲቦራ ካር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ አከራካሪው እንሄዳለን፤ ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲቦራ ካር ማን ናት?

ከስኮትላንድ ተነሥታ በለንደን ቴአትር ቤቶች፣ በሆሊውድና በኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ የሠራች ተዋናይት ናት። በ1921 ተወልዳ በ2007 አረፈች። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት በአንድ ትዕይንት ነው። በ1953ቱ «ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ» ፊልም ላይ ከበርት ላንካስተር ጋር አሸዋ ላይ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ማዕበል መጥቶ ያለብሳቸዋል። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያቺን ምስል የሆነ ቦታ አይቷታል።

ማዕበሉን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን የሚያውቃት በግማሽ ነው። ትወና የጀመረችው መድረክ ላይ ነው። ፊልም ሲሰለቻት የተመለሰችውም ወደዚያው ነው። ችግሩ ፊልም ይቀመጣል፤ መድረክ ላይ የተሠራ ነገር ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ለመድረኩ ትንሽ እናደላለን።

ስሟ የሚነበበው «ከር» ነው፣ «ኬር» ነው ወይስ «ካር»?

«ካር» ነው። ለመሳሳት ግን ሰበብ አላችሁ፤ አሜሪካኖችም ተቸግረው ነበር። ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ ከእንግሊዝ ሲያስመጣት ሰዉ ስሟን እንዳያበላሸው ሰጋ። ስለዚህ በማስታወቂያው «ካር» ከ«ስታር» ጋር ቤት ይመታል እያለ አስተዋወቃት። አነባበቡንም አስተማረ፣ ኮከብ ናት ብሎም በዚያው አወጀ። ነጋዴ ብልህ ነው!

የመጀመሪያ ስሟ ለእኛ አይከብድም። መጽሐፈ መሳፍንት ላይ ያለችው የነቢይቱ የዲቦራ ስም ነው። ሙሉ የቤተሰብ ስሟ ካር-ትሪመር ነበር፤ «ትሪመር» የሚለውን ለመድረክ ስትል ጣለችው።

የት ነው የተወለደችው? አንዳንዱ ግላስጎው፣ አንዳንዱ ሄለንስበራ ይላል።

የተወለደችው ግላስጎው ውስጥ ነው፣ መስከረም 30 ቀን 1921። ሄለንስበራ ደግሞ ከግላስጎው ብዙም የማትርቅ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ወላጆቿ እዚያ ከአያቶቿ ቤት ይኖሩ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፈችው በሄለንስበራ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚምታቱት በዚህ ምክንያት ነው።

አባቷ አርተር በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሶም ውጊያ፣ እግሩን ያጣ መኮንን ነበር። በኋላ በመሐንዲስነት ሠርቷል። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ስለተሻገረ ትምህርቷን የተከታተለችው እዚያ ነው።

ወደ ትወና እንዴት ገባች?

በዳንስ በኩል። ልጅ ሳለች ሕልሟ የባሌት ዳንስ ነበር። ለንደን ሄዳ በሳድለርስ ዌልስ የባሌት ትምህርት ቤት ተማረች፤ በ1938ም ከቡድኑ ዳንሰኞች አንዷ ሆና መድረክ ላይ ወጣች። ግን አልገፋችበትም። ብሪስቶል ውስጥ የትወና ትምህርት ቤት የምታካሂድ አክስት ነበረቻት። የትወናን ሀሁ ያስቆጠረቻት እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የማንኛውም ጀማሪ መንገድ ነው። በ1939 ለንደን ሬጀንትስ ፓርክ ውስጥ ባለው ጣራ አልባ ቴአትር በሼክስፒር ድራማዎች ትንንሽ ቦታ ተሰጣት። ወጣ ብላ ትመለሳለች፣ በቃ። ቀጥሎ ኦክስፎርድ ውስጥ በቋሚ የቴአትር ቡድን ተቀጠረች። እንዲህ ዓይነቱ ቡድን አንዱን ድራማ ማታ እያሳየ የሚቀጥለውን ቀን ላይ የሚለማመድ ነው። ቃል ማጥናት የማይችል ሰው አይቆይበትም።

የመጀመሪያ ፊልሟማ አሳዛኝም አስቂኝም ነው። በ1940 የተቀረጸችበት ፊልም ሲወጣ የእሷ ክፍል ተቆርጦ ተጥሏል።

በለንደን ትልቅ መድረክ ላይ መጀመሪያ የታየችው መቼ ነው?

በ1943፣ ጦርነቱ መሀል። የበርናርድ ሾው «ሃርትብሬክ ሃውስ» በካምብሪጅ ቴአትር ሲታይ ኤሊ ደን የተባለችውን ወጣት ሆና ሠራች። አብረዋት ከነበሩት መካከል ኢዲት ኢቫንስና ሮበርት ዶናት ይገኙበታል፤ ሁለቱም በጊዜው አንቱ የተባሉ ናቸው። እሷ ገና ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከእነዚህ ሰዎች አጠገብ ቆሞ አለመጥፋት ራሱ ፈተና ነው። እሷ ጭራሽ የተመልካቹን ዓይን ወደ ራሷ ወሰደች።

በዚያው ዓመት «ዘ ላይፍ ኤንድ ዴዝ ኦፍ ኮሎኔል ብሊምፕ» የሚለው ፊልም ወጣ። እዚያ ላይ በሦስት የተለያዩ ዘመናት የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን ብቻዋን ትጫወታለች።

ወደ ጦርነቱ ማብቂያ ላይ ወታደሮችን ከሚያዝናና ቡድን ጋር ወደ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየምና ሆላንድ ተጓዘች። ይዘውት የሄዱት «ጋዝላይት» የሚለውን ድራማ ነበር። ባሏ እብድ ነሽ እያለ ሊያሳብዳት የሚሞክር ሴት ታሪክ ነው። ከግንባር ለመጣ ወታደር ይህንን ማሳየት ማዝናናት ነው ወይ? ጥያቄው የእኔ ነው።

ሆሊውድ ከገባች በኋላ መድረኩን ተወችው?

ለጥቂት ዓመታት አዎ። በ1947 በ«ብላክ ናርሲሰስ» ፊልም ሂማላያ ላይ ያለ ገዳም የምታስተዳድር ወጣት መነኩሴ ሆና ሠራች። ፊልሙ እንግሊዝ አገር በስቱዲዮ ነው የተቀረጸው፤ ተራራውም ገደሉም የተሳለ ነው። የኒውዮርክ የፊልም ሐያሲያን ሸለሟት፣ ኤምጂኤምም ወሰዳት።

ሆሊውድ ግን ምን እንደሚያደርጋት አላወቀበትም ብል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊ እመቤት አደረጋት፦ ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ። በ1950 «ኪንግ ሰሎሞንስ ማይንስ» ውስጥ አፍሪካ ላይ እንከራተታለሁ ብላ ፀጉሯ ሳይበላሽ ትወጣለች ማለት ይቻላል። የሰሎሞን ስም ስላለበት እኛ አገር የተቀረጸ የሚመስለው ሰው ካለ አይደለም፤ ኬንያና ኡጋንዳን የመሳሰሉ አገሮች ነው የተቀረጸው።

ይህን ሰንሰለት የበጠሰው 1953 ነው። መጀመሪያ «ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ» መጣ። ባሏን የምታታልል የመኮንን ሚስት ነች። ቦታው መጀመሪያ ለተዋናይቷ ለጆን ክራውፎርድ የታሰበ ነበር፤ እሷ ስትወጣ ነው ለካር የደረሰው። ፊልሙ በነሐሴ ታየ። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ብሮድዌይ ላይ ነበረች።

ብሮድዌይ ላይ የሠራችው ያ ድራማ ምንድን ነው? ለምን ያን ያህል ይወራለታል?

«ቲ ኤንድ ሲምፓቲ» ይባላል፣ ሻይና አዘኔታ እንደማለት። የሮበርት አንደርሰን ድርሰት ነው፤ አዘጋጁ ኤሊያ ካዛን። ታሪኩ የሚሆነው አሜሪካ ውስጥ በወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ቶም የሚባል ተማሪ አለ። ሙዚቃ ይወዳል፣ ብቻውን መሆን ይወዳል፣ አረማመዱም እንደሌሎቹ አይደለም። በዚህ የተነሣ ወንድ አይደለህም እያሉ መከራውን ያሳዩታል። አስተማሪዎቹም፣ የገዛ አባቱም ከአሳዳጆቹ ጋር ናቸው። ካር የተጫወተችው ሎራን ነው፣ የማደሪያ ቤቱ ኃላፊ ሚስት። ለእነዚህ ልጆች አልፎ አልፎ ሻይ አፍልታ አይዞህ ከማለት ያለፈ ነገር አይጠበቅባትም። እሷ ግን አልፋ ትሄዳለች። እስከ የት እንደምትሄድ አልነግራችሁም።

መጋረጃው የተከፈተው መስከረም 30 ቀን 1953 በኢትል ባሪሞር ቴአትር ነው። ቀኑን ልብ ብላችሁ ከሆነ 32ኛ ልደቷ ነው። በአሜሪካ መድረክ የመጀመሪያዋ ነበር። ድራማው 712 ጊዜ ታየ። እሷ ስትወጣ ጆን ፎንቴይን ተተካች፤ የቶምን ቦታ ደግሞ አንተኒ ፐርኪንስ ያዘው። ካር ግን አላረፈችም፤ ያንኑ ድራማ ይዛ በአሜሪካ ከተሞች ዞረች። ቺካጎ ላይ በሠራችው የሣራ ሲደንስ ሽልማትን በ1955 አገኘች።

ለምን ይወራለታል? እኔ እንደሚመስለኝ ሎራ ያቺው ሆሊውድ የሠራት ጨዋ እመቤት ስለሆነች ነው። ሻይ ታቀርባለች፣ በለሆሳስ ትናገራለች። ውስጧ ግን እየነደደ ነው። ካሜራው ለዓመታት ላዩን ብቻ ሲያነሣ ከርሞ፣ መድረኩ ውስጡን አሳየ። በፊልም ደረቅ የተባለላት ጨዋነት እዚህ ጉልበቷ ሆነ።

ከእሷ ጋር ቶምን የተጫወተው ጆን ካር ዘመዷ ነው?

አይደለም። የስም መገጣጠም ነው፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም።

ድራማው ለንደን ውስጥ ተከልክሎ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ማንኛውም አዲስ ድራማ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የቤተ መንግሥቱ ሹም፣ ሎርድ ቻምበርሊን፣ ማየት ነበረበት። ግብረ ሰዶም የሚነሣበት ድርሰት ፈቃድ አያገኝም። መላ ግን አይጠፋም፦ በ1957 ኮሜዲ ቴአትርን የአባላት ክበብ አደረጉት። ተመልካቹ አባል ነኝ ብሎ ይገባል፤ የግል ስብሰባ ስለሆነ ሕጉ አይነካውም።

በለንደኑ ግን ሎራን የተጫወተችው ካር አይደለችም። ኤሊዛቤት ሴላርስ ናት። ደስ የሚለው ነገር፣ ሴላርስም ግላስጎው የተወለደች ናት፣ ያውም በዚያው በ1921።

«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ»ን መድረክ ላይ ሠርታዋለች? ዘፈኑስ የራሷ ድምፅ ነው?

ሁለቱም ላይ መልሱ አይደለም ነው። ይህ የዘፈን ድራማ በ1951 መድረክ ላይ ሲወጣ ዋናዋን ሴት፣ አናን፣ የተጫወተችው ገርትሩድ ሎረንስ ነበረች። ካር የሠራችው የ1956ቱን ፊልም ነው፣ ከዩል ብራይነር ጋር።

አብዛኛው ዘፈን የማርኒ ኒክሰን ድምፅ ነው። ኒክሰን ለብዙ ኮከቦች ከጀርባ ሆና የዘፈነች ሴት ናት፤ ስሟ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ስቱዲዮዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ምሥጢር ነበር የሚይዙት። ካር ግን በአደባባይ ተናገረችላት። ሁለቱ አብረው እየተለማመዱ፣ ካር ከንግግር ወደ ዜማ የምትሻገርበትን ቦታ ኒክሰን እንድትቀበላት አድርገው ነው የሠሩት። ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ ለማግኘት ሞክሩ፤ ቀላል አይደለም። በ«አን አፌር ቱ ሪሜምበር»ም የዘፈነችላት ኒክሰን ናት።

ኦስካር ስንት ጊዜ አሸነፈች?

በውድድር አንድም ጊዜ። ስድስት ጊዜ በመሪ ተዋናይትነት ታጨች፣ ስድስቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ወሰደው። ፊልሞቹ «ኤድዋርድ፣ ማይ ሰን»፣ «ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ»፣ «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ»፣ «ሄቨን ኖውስ፣ ሚስተር አሊሰን»፣ «ሰፐሬት ቴብልስ» እና «ዘ ሰንዳውነርስ» ናቸው። አካዳሚው በ1994 የክብር ኦስካር ሰጣት። ይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ።

ትዳርና ልጆችስ?

በ1945 አንተኒ ባርትሊን አገባች፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1959 ተፋቱ። በሚቀጥለው ዓመት ደራሲውን ፒተር ቪርትልን አገባች። ከእሱ ጋር ስዊዘርላንድና ደቡብ ስፔን እየኖሩ እስከ መጨረሻው ዘለቁ።

ፊልም ለምን ተወች? ወደ መድረክስ ስትመለስ ምን ሠራች?

ስድሳዎቹ ሲያልቁ የፊልሙ ዓለም ተቀያየረ። ደም በዛ፣ ራቁት በዛ። እሷም በ1969 በአንድ ፊልም ላይ ራቁቷን ታይታለች፤ ወቅቱን ለመከተል የሞከረች ይመስላል። ግን መንገዱ አልጣማትም። ዕድሜዋም ወደ ሃምሳ ደርሷል፣ የሚላኩላት ጽሑፎችም እየሳሱ ሄዱ። ስለዚህ ትታው ወጣች።

በ1972 በለንደኑ ሊሪክ ቴአትር «ዘ ዴይ አፍተር ዘ ፌር» በሚለው ድራማ ተመለሰች። ከቶማስ ሃርዲ አጭር ልቦለድ የተወሰደ ነው። መጻፍ ለማትችል የቤት ሠራተኛዋ የፍቅር ደብዳቤ የምትጽፍላት እመቤት አለች። ስትጽፍ ስትጽፍ፣ በሠራተኛዋ ስም ራሷ ፍቅር ይይዛታል። ደብዳቤ ጸሐፊ ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ለንደን ላይ ተወደደ፤ አሜሪካም ይዛው ዞረች።

በ1977 ለንደን ውስጥ በበርናርድ ሾው «ካንዲዳ» ድራማ ተጫወተች። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ላይ በዩጂን ኦኒል «ሎንግ ዴይስ ጀርኒ ኢንቱ ናይት» ከቻርልተን ሄስተን ጋር ሠራች። የምትጫወታት ሜሪ ታይሮን የሞርፊን ሱስ ያለባት እናት ናት። ከእመቤትነት በጣም የራቀ ቦታ ነው። የመጨረሻው ትልቅ የመድረክ ሥራዋ በ1985 በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቴአትር የታየው «ዘ ኮርን ኢዝ ግሪን» ነው፤ የማዕድን ሠራተኞችን ልጆች የምታስተምር መምህርት ሆና።

«ሲስኬፕ» የሚባለው ድራማ ከተሸለመ ለምን ቶሎ ወረደ?

ይህ የኤድዋርድ ኦልቢ ድርሰት ነው። በጥር 1975 ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት ናንሲ የተባለችውን ሚስት መጀመሪያ የተጫወተችው ካር ናት፤ ያዘጋጀው ደራሲው ራሱ ነው። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ባሕር ዳር ተቀምጠው ያወራሉ። ባልየው ማረፍ ይፈልጋል፣ ሚስትየዋ ገና መኖር ትፈልጋለች። በዚህ መሀል ከባሕሩ ውስጥ ሁለት ትልልቅ እንሽላሊቶች ይወጣሉ። ይናገራሉ! እነሱም ባልና ሚስት ናቸው።

የታየው 65 ጊዜ ብቻ ነው። ድርሰቱ ግን የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ፤ አንዱን እንሽላሊት የተጫወተው ፍራንክ ላንጄላም ቶኒ የተባለውን የቴአትር ሽልማት ተሸለመ። ሽልማት ትኬት አይሸጥም። ገንዘቡን ከፍሎ ማታ የሚመጣ ሰው ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ሞት ከእንሽላሊት ጋር ሲወራ መስማት የግድ አይወድም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በ1953 ዓለም ያወቃት ባሕር ዳር ተኝታ ነበር። በ1975 እንደገና ባሕር ዳር ናት፤ አሁን ግን ልብሷን ለብሳ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ፣ ገና አልጨረስኩም የምትል ሴት ሆና።

መድረክ ትፈራ ነበር የሚባለውስ?

ትፈራ ነበር። ራሷም አልደበቀችውም። ቴአትር የመጀመሪያ ፍቅሯ ነው፤ ግን ልትወጣ ስትል ጭንቀት ይይዛት ነበር። ይህ የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም። መድረክ ላይ የሠራ ሰው ይህን አይክድም፦ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ሆዱ የማይረበሽ ተዋናይ ብዙ አይገኝም። ፊልም ላይ ከተሳሳትሽ ይደገማል። መድረክ ላይ ፊት ለፊትሽ ሰው ተቀምጧል።

እንግሊዛዊ ናት ወይስ ስኮትላንዳዊ?

ይህ ክርክር አያልቅም። አነጋገሯ የእንግሊዝ ነው። ያደገችውም የተማረችውም እንግሊዝ ነው። ሆሊውድም «እንግሊዛዊቷ እመቤት» እያለ ሸጣታል። ግን ትውልዷ ግላስጎው ነው፣ ስሟም የስኮትላንድ ስም ነው፤ ስኮትላንዶችም ከራሳቸው ይቆጥሯታል። በሦስት ዓመቱ ገደማ ከተወለደበት አገር የወጣ ሰው የየት ነው? ይህን ከልጅነቱ ባሕር ማዶ ያደገ ሁሉ በራሱ መንገድ ይመልሰዋል። ለእኔ ስኮትላንዳዊ ናት።

እንዴት ነው የሞተችው?

ለዓመታት የፓርኪንሰን ሕመም ነበረባት። ሕመሙ ሲጠናባት ለቤተሰቧ ለመቅረብ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። ጥቅምት 16 ቀን 2007 ሰፎክ ውስጥ በ86 ዓመቷ አረፈች። ባሏ ፒተር ቪርትል ስፔን ነበር፤ እሱም ታሞ ነበር። በ19 ቀን ልዩነት ተከተላት።

የመድረክ ሥራዋን ዛሬ ማየት ይቻላል?

መድረኩን እንዳለ ማየት አይቻልም። የሚቀርበው ግን አለ፤ የ1956ቱ «ቲ ኤንድ ሲምፓቲ» ፊልም። አዘጋጁ ቪንሰንት ሚኔሊ ነው። ካር፣ ጆን ካርና የሎራን ባል የተጫወተው ሌፍ ኤሪክሰን ሦስቱም ከብሮድዌዩ ናቸው። አብረው ብዙ ማታ የሠሩ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል። አንዱ ዞር ሲል ሌላው የት እንደሚቆም ያውቃል።

ሲጀመርና ሲያልቅ ግን ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ፊልም ሳንሱር ድርሰቱን እንዳለ አላሳልፍም ስላለ ዋናው ጉዳይ ተለሳልሷል። ቶም ከዓመታት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ የሚያሳይ ነገርም ከፊትና ከኋላ ተለጥፎበታል። መጨረሻ ላይ ከሎራ የተጻፈ ደብዳቤ ይነበባል፤ ያደረግኩት ጥፋት ነበር ትላለች። መድረኩ ላይ ሎራ እንዲህ ብላ አታውቅም። እዚያ ጋ ስትደርሱ አጥፉት።